የሞንትጎመሪ ሕዝብ የአውቶቡስ አድማና በማኅበራዊ ኑሮ ላይ ያስከተለው ለውጥ

ዲሴምበር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ሰኞ ጧት፥ በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት፥ በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡሶቹ እንደ ወትሯቸው በየመሥመራቸው ተሰማሩ። ዳሩ ግን ዕለት ዕለት ወንበራቸውን የሚሞላው ጥቁሩ ሕዝብ በዚያ ቀን አልተሳፈረባቸውም። የቤት ሠራተኛው፥ የቀን ሠራተኛው፥ መምህሩና ተማሪው በእግሩ ወደየሥራው ይጓዝ ነበር። ለአንድ ቀን ብቻ ታስቦ የተጀመረው ይህ አድማ ሳይቋረጥ 381 ቀን ቆየ። ከዚህም የተነሣ በአንዲት መካከለኛ ከተማ የተደረገው ነገር የታላቁን አገር ልማድና ሕግ ለመለወጥ ምክንያት ሆነ፤ ከባሕር ማዶም አርአያ አድርገው የተከተሉት ሕዝቦች አሉ።

ይህ ታሪክ በብዙ ሰው ዘንድ የሚነገረው በአጭሩ ነው። ከሥራ ደክማ የምትመለስ አንዲት ሴት ከወንበሬ አልነሣም አለች፤ አንድ አንደበተ ርቱዕ ወጣት ቄስ ተናገረ፤ ፍርድ ቤትም ፈረደ ይባላል። እንዲህ ተብሎ ሲነገር ጥያቄው ሁሉ የተመለሰ ይመስላል። የሕዝብን ጠባይና ልማድ ለሚመረምር ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ገና አልተነካም። ይኸውም፥ አብዛኛው የመምረጥ መብት ያልነበረው፥ ገንዘቡም ጥቂት የሆነ፥ በከተማው ሹሞችና በፖሊሱ ዘንድ በክፉ ዓይን የሚታይ 40,000 ያህል ተሳፋሪ ከአንድ ዓመት በላይ ቃሉን ሳያፈርስ እንዴት ሊቆይ ቻለ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን በተቻለ መጠን መግለጽ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. በቀለም የመለየት ሥርዓት እንዴት እንደ ቆመ

በእንግሊዞች ይዞታ በነበረችው በቨርጂኒያ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን የደረሱት በ1619 ነው። ከዚያ በኋላ በነበረው ሁለት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ዘመን ውስጥ ባርነት በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል የእርሻና የንግድ ሁሉ መሠረት ሆነ። ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች በ1833 በፊላደልፊያ ከተማ ጸረ ባርነት ማኅበር አቋቋሙ፤ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስም በንግግሩና በብዕሩ የዚህ እንቅስቃሴ ታላቅ ሰው ሆነ። የደቡብ ግዛቶች ከአንድነቱ ተገንጥለው በ1861 የራሳቸውን መንግሥት ሲያውጁ የመጀመሪያዪቱ ዋና ከተማቸው ይህችው ሞንትጎመሪ ነበረች። ጦርነቱ በ1865 በደቡቡ ሽንፈት ሲያበቃ ባርነት በሕገ መንግሥት ተሻረ፤ በ1868 የዜግነት እኩልነት፥ በ1870 ደግሞ በቀለም ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይከለከል የሚያዙ አንቀጾች ተጨመሩ።

ነገር ግን ሕግ ሲጻፍና ልማድ ሲለወጥ አንድ አይደለም። ማዕከላዊው መንግሥት በ1877 በደቡብ የነበረውን የወታደር ጥበቃ ካነሣ በኋላ የቀድሞዎቹ ጌቶች ሥልጣናቸውን መልሰው ያዙ። አላባማ በ1901 ባወጣችው ሕገ መንግሥት፥ ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው ግብር እንዲከፍልና የማንበብ ፈተና እንዲያልፍ በማድረግ ጥቁሩን ሕዝብ ከምርጫ ውጭ አደረገችው። ከዚያም በፊት በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ እኩል እስከ ሆነ ድረስ ነጩንና ጥቁሩን በባቡር ለይቶ ማስቀመጥ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ብሎ ፈርዶ ነበር። ኢትዮጵያውያን በዓድዋ ድል ያደረጉት በዚያው ዓመት በማርች ወር ሲሆን ይህ ፍርድ የተሰጠው በሜይ ወር ነው። እኩል የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ቀረ፤ መለየቱ ብቻ በትምህርት ቤት፥ በሆስፒታል፥ በምግብ ቤት፥ በውሃ መጠጫና በመቃብር ሥፍራ ሳይቀር ጸንቶ ኖረ።

ለ. በአውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ልማድ

በሞንትጎመሪ ከአውቶቡስ ተሳፋሪው አራት እጅ ሦስት ያህሉ ጥቁር ነበር። አውቶቡሱ 36 ወንበሮች ሲኖሩት በፊት በኩል ያሉት 10 ወንበሮች ለነጮች ብቻ የተጠበቁ ነበሩ። አንድም ነጭ ባይሳፈር እነዚያ ወንበሮች ባዶ እየሄዱ ጥቁሩ ተሳፋሪ ከጎናቸው ቆሞ ይጓዛል። በመካከል ያሉት ወንበሮች ወሰናቸው በሾፌሩ ፈቃድ ነበር። የነጮቹ ስፍራ ሲሞላ ሾፌሩ ቀጥሎ ባለው ረድፍ የተቀመጡትን ጥቁሮች ሁሉ ያስነሣል፤ ጥቁርና ነጭ በአንድ ረድፍ መቀመጥ አይችሉምና ለአንድ ነጭ ሲባል አራት ጥቁሮች ይነሣሉ።

ከዚህም ሌላ ጥቁሩ ሰው ገንዘቡን በፊተኛው በር ገብቶ ለሾፌሩ ከከፈለ በኋላ ወርዶ በኋለኛው በር እንዲሳፈር ብዙ ጊዜ ይታዘዝ ነበር። ከፍሎ ወርዶ ወደ ኋለኛው በር ሳይደርስ አውቶቡሱ ጥሎት የሚሄድበትም ጊዜ ነበር። ሾፌሮቹ ሁሉ ነጮች ሲሆኑ በከተማው ደንብ ተሳፋሪውን ለይተው የማስቀመጥ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። እንግዲህ ይህ ልማድ በሕግ ቋንቋ የወንበር ድልድል ይባል እንጂ፥ በየቀኑ ጧትና ማታ ሰው በገዛ ገንዘቡ የበታችነቱን እንዲመሰክር የሚደረግበት ሥርዓት ነበር ማለት ይቻላል። የሕዝቡ ቅሬታ ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ በአውቶቡስ ላይ የበረታበትም ምክንያት ይህ ነው።

ሐ. ከአድማው በፊት የነበሩት ማኅበሮች

አድማው በአንድ ሌሊት የተወለደ ይመስላል እንጂ ብዙ ዘመን የቆዩ ማኅበሮች ተሸክመውታል። ከነዚህ ሁሉ የሚቀድመው ቤተ ክርስቲያን ነው። በባርነት ዘመን ጥቁሩ ሕዝብ በጥቂቱም ቢሆን የራሱ ያደረገው ስፍራ የጸሎት ቤቱ ነበር። ከጸሎት ቤቱ ጋርም የመረዳጃ ማኅበሮች አብረው አደጉ። ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ የተባሉት ሰዎች በ1787 በፊላደልፊያ ያቋቋሙት ነጻ የአፍሪካ ማኅበር አባሎቹ ገንዘብ እያዋጡ የታመመውን የሚረዱበት፥ መበለቲቱንና የሙት ልጅን የሚደግፉበት ነበር። ከዚያ በኋላ በየከተማው የቀብር ወጪ የሚሸፍኑ እንዲህ ያሉ ማኅበሮች በዙ። የኛ አገር አንባቢ ዕድርን የሚያውቅ ስለ ሆነ የነገሩን ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም። በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ማዋጣትን፥ ሒሳብ መያዝን፥ ሊቀ መንበር መምረጥንና ለተባለው ቃል መታመንን ሕዝቡ ከዚህ ለምዶ ነበር።

ሁለተኛው የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የተባለው ማኅበር ነው። ይህን ማኅበር በ1946 የመሠረቱት በአላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህር የነበሩት ወይዘሮ ሜሪ ፌር በርክስ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ መሪ የሆኑት የዚያው ኮሌጅ መምህር ወይዘሮ ጆ አን ሮቢንሰን በ1949 በባዶ አውቶቡስ ከፊት ስለ ተቀመጡ ሾፌሩ ጮኾባቸው አልቅሰው ወርደው ነበር። እኒሁ ሴት በሜይ ወር 1954፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት በቀለም መለየትን በሻረ በጥቂት ቀን ውስጥ፥ ለከተማው ከንቲባ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤውም በአውቶቡስ ያለው አያያዝ ካልተሻሻለ ሕዝቡ ላለመሳፈር እየተመካከረ መሆኑን አስታወቁ። ይህም የሆነው አድማው ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው።

ሦስተኛው በ1909 የተመሠረተው የቀለም ሕዝቦች ዕድገት ብሔራዊ ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ነው። አራተኛውም የባቡር መኝታ ክፍል አሳላፊዎች የሠራተኞች ማኅበር ሲሆን፥ የአባሎቹ ኑሮ ከከተማ ወደ ከተማ መጓዝ ስለ ነበረ ወሬና ጋዜጣ የሚያመላልሱ እነርሱ ነበሩ። አቶ ኢ ዲ ኒክሰን የሁለቱም ማኅበሮች የከተማው መሪ ሆነው አገልግለዋል። ከዚህም ሌላ በሉዊዚያና ግዛት በባቶን ሩዥ ከተማ በ1953 የጥቁሮች የአውቶቡስ አድማ ተደርጎ ሕዝቡ በግል መኪናዎች ተመላልሶ ነበር። የሞንትጎመሪ ሰዎች ይህን ጠይቀው ተረድተዋል።

መ. አድማው እንደ ተጀመረ

በማርች 2 ቀን 1955 ክሎዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ተማሪ ከወንበሬ አልነሣም በማለቷ በፖሊስ ተጎትታ ታሰረች። መሪዎቹ በዚያ ጊዜ አድማ ለማንሣት ቢያስቡም ልጅነቷንና ሌሎችንም ምክንያቶች አመዛዝነው ተዉት። በኦክቶበርም ሌላ ወጣት ሴት በዚሁ ምክንያት ተቀጣች። ከዚህ በኋላ ነው ዲሴምበር 1 ቀን ሐሙስ ማታ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ የታሰሩት።

ወይዘሮ ፓርክስ የ42 ዓመት ሴት ሲሆኑ በአንድ ትልቅ መደብር ልብስ ሰፊ ነበሩ። የተቀመጡት በነጮቹ ስፍራ አልነበረም፤ ከርሱ ቀጥሎ ባለው ረድፍ ነበር። ሾፌሩ አራት ሰዎች እንዲነሡ ሲያዝዝ ሦስቱ ተነሡ፤ እርሳቸው ግን አልተነሡም። በኋላም ራሳቸው እንደ ገለጹት፥ ድካማቸው ከሌላው ቀን የበለጠ አልነበረም። ከ1943 ጀምሮ ከላይ የተጠቀሰው ብሔራዊ ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሓፊ ሆነው በሕዝቡ ላይ የሚደርሰውን ግፍ ሲመዘግቡ የኖሩ፥ በዚያው ዓመት በበጋ ወራትም በቴነሲ ግዛት ሃይላንደር በተባለው ትምህርት ቤት ስለ መብት ትግል የተማሩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ያደረጉት ነገር የድንገተኛ ንዴት ሥራ ሳይሆን የረጅም ጊዜ ዝግጅት ፍሬ ነው።

በዚያው ሌሊት አቶ ኒክሰንና ክሊፎርድና ቨርጂኒያ ዱር የተባሉ ነጭ ባልና ሚስት ወይዘሮ ፓርክስን በዋስ አስፈቱ። ወይዘሮ ሮቢንሰን ደግሞ ከአንድ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ወደ ኮሌጁ ገብተው በማባዣ መኪና በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ወረቀት ሲያባዙ አደሩ። ወረቀቱ ሰኞ ዕለት ማንም በአውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚጠይቅ ነበር። ዓርብ ጧት የማኅበሩ ሴቶች በየትምህርት ቤቱ፥ በየሱቁና በየጠጕር ቤቱ አደሉት፤ እሑድ ደግሞ ቄሶቹ በየቤተ ክርስቲያኑ አስታወቁ። ሰኞ በአውቶቡስ የተሳፈረ ጥቁር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በዚያው ዕለት ወይዘሮ ፓርክስ 10 ዶላር መቀጫና 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መሪዎቹ የሞንትጎመሪ ማሻሻያ ማኅበር የተባለውን አቋቋሙ። ለሊቀ መንበርነትም የ26 ዓመቱን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን መረጡ። ዶክተር ኪንግ በዴክስተር ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከተሾሙ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ስለ ነበረ በከተማው በቆዩት ወገኖች መካከል ባለው ክርክር ውስጥ አልገቡም ነበር። ማታ በሆልት ጎዳና ቤተ ክርስቲያን በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተሰብስቦ፥ ከውስጥ የተረፈውም በውጭ ቆሞ፥ አድማው እንዲቀጥል ተስማማ። ጥያቄዎቹም ሦስት ነበሩ። እነርሱም ሾፌሮች ተሳፋሪውን በክብር እንዲይዙ፥ ጥቁሩ ከኋላ ነጩ ከፊት ጀምሮ ቀድሞ የመጣው እንዲቀመጥና የተቀመጠ እንዳይነሣ፥ ጥቁሮች በሚበዙበት መሥመር ጥቁር ሾፌሮች እንዲቀጠሩ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ የተጠየቀው ልዩነቱ ፈጽሞ እንዲጠፋ ሳይሆን እንዲቀልል ነበር። ይህን ትንሽ ነገር ሹሞቹ እንቢ ማለታቸው ሕዝቡን ወደ ትልቁ ጥያቄ አደረሰው።

ሠ. የ381 ቀን ኑሮ

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የጥቁሮች ታክሲዎች ሰውን በአውቶቡስ ዋጋ በ10 ሳንቲም ያጓጕዙ ነበር። የከተማው ሹሞች የታክሲ ዋጋ ከ45 ሳንቲም በታች መሆን አይችልም የሚለውን ደንብ ጠቅሰው ይህን ከለከሉ። በዚህ ጊዜ ማኅበሩ 300 ያህል የግል መኪናዎችን አሰባስቦ የመሳፈሪያና የመውረጃ ስፍራዎችን ወሰነ፤ ሰዓትም ደለደለ፤ አስተናባሪም አቆመ። አብያተ ክርስቲያናት ሰፋፊ መኪናዎችን ገዝተው ስማቸውን በበሩ ላይ ጻፉባቸው፤ ሕዝቡም ተንቀሳቃሽ ቤተ ክርስቲያን ይላቸው ጀመር። የአገሩ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውላቸውን ሲያፈርሱ ዋስትናው በለንደን ከሚገኘው ከሎይድስ ተገኘ። ከነጮቹም ቤት አንዳንድ እመቤቶች የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪናቸው ያመላልሱ ነበር፤ ይህንም ከንቲባው በአደባባይ ነቅፏል።

ለነዳጅ፥ ለጥገናና ለሾፌር ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ከሩቅ አገር የሚላከው ሳይደርስ የመጀመሪያው ገንዘብ የመጣው ከሕዝቡ ኪስ ነው። ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉት ወጥ ቤት ሴቶችን አስተባብረው የዶሮ ጥብስና ኬክ እያዘጋጁ በየጠጕር ማስተካከያው ቤትና በየሱቁ ይሸጡ ነበር፤ ከገዢዎቹም መካከል ነጮች ነበሩባቸው። የሚያዋጡት ሴቶች ሥራቸውን እንዳያጡ ስማቸው እንዳይታወቅ ያስፈልግ ነበርና ክበባቸውን «ከየትም ያልመጣ ክበብ» ብለው ሰየሙት። ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ከየትም ማለት ውሸት አልሆነም። ወይዘሮ ጊልሞር ግን በፍርድ ቤት ቀርበው በይፋ ስለ መሰከሩ ከሥራቸው ተባረሩ፤ ከዚያም በገዛ ቤታቸው ምግብ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ።

በሳምንት ሁለት ጊዜ በየቤተ ክርስቲያኑ እየተዘዋወረ ስብሰባ ይደረግ ነበር። የስብሰባው ሥርዓት ከአምልኮው ሥርዓት ብዙ አይለይም ነበር። መጀመሪያ መዝሙር፥ ቀጥሎ ጸሎትና የመጽሐፍ ንባብ፥ ከዚያ የሒሳብና የመኪና ጉዳይ፥ በመጨረሻም ንግግርና የገንዘብ መሰብሰብ ነበር። ይህ ሥርዓት ሁለት ጥቅም ነበረው። ስለ ወሬው እውነተኛነት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ልቡ የደከመውም ሰው ሌላውን አይቶ ይበረታል። በጃኑዋሪ 1956 የከተማው ሹሞች አድማው በስምምነት አለቀ የሚል የሐሰት ወሬ በጋዜጣ ባወጡ ጊዜ መሪዎቹ በአንድ ሌሊት ወሬውን ለማፍረስ የቻሉት በዚህ ሥርዓት ነው።

ጃኑዋሪ 30 ቀን 1956 በዶክተር ኪንግ ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ፤ ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው በውስጡ ነበሩ፤ ሆኖም ጉዳት አልደረሰባቸውም። የተቈጣው ሕዝብ መሣሪያ ይዞ በተሰበሰበ ጊዜ ዶክተር ኪንግ ከበረንዳው ላይ ቆመው ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ እንዲመለስ ለመኑት። ከሁለት ቀን በኋላም በአቶ ኒክሰን ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ። ባያርድ ረስቲን የመሰሉ ሰዎች የሕንዱን የማህተማ ጋንዲን ያለ ኀይል የመቃወም ዘዴ ይዘው ከሰሜን የመጡት በዚህ ወራት ነው። የጋንዲ ትምህርት ዘዴውን ሲያጠናክር መንፈሱ ግን ሕዝቡ ከሚያውቀው ከወንጌል የመጣ ነበር። በፌብሩዋሪ ወር 1921 በወጣ አድማን የሚከለክል ሕግ 89 ያህል ሰዎች ተከሰሱ። ከዚያ ቀደም መታሰርን እንደ ውርደት ይፈራ የነበረው ሕዝብ በዚያ ቀን ስሙ በክሱ ውስጥ እንዳለ እየጠየቀ በገዛ እግሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። በአንድ ሕዝብ ዘንድ የውርደትና የክብር ትርጕም እንዲህ በአጭር ጊዜ ሲለዋወጥ ማየት ለኅብረተሰብ ተመራማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ረ. ፍርዱና ከፍርዱ በኋላ የሆነው

አድማው ብቻውን ሕጉን አልሻረውም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1956 ከአውቶቡስ ሕጉ የተነሣ የተበደሉ ሴቶች ለማዕከላዊው መንግሥት ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ወይዘሮ ኦሪሊያ ብራውደር ስማቸው በመዝገቡ በመጀመሪያ የተጻፈ ሲሆን ያቺው የ15 ዓመት ልጅ የነበረችው ክሎዴት ኮልቪንም ከመስካሪዎቹ አንዷ ነበረች። ጁን 5 ቀን ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ በአውቶቡስ መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ፈረዱ። ኖቬምበር 13 ቀን ከተማው የመኪናዎቹን አገልግሎት ለማገድ በፍርድ ቤት ሲከራከር፥ በዚያው ሰዓት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ማጽናቱ ተሰማ። ትእዛዙ በጽሑፍ እስኪደርስ ድረስ ሕዝቡ ያለ መኪና አገልግሎት ከአንድ ወር በላይ ደግሞ ተጓዘ፤ ዲሴምበር 21 ቀን ወደ አውቶቡሱ ተመልሶ በፈለገው ወንበር ተቀመጠ።

ድሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በአውቶቡሶች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ በጃኑዋሪ 1957 በአንድ ሌሊት አራት አብያተ ክርስቲያናትና ሁለት የቄሶች ቤቶች በቦምብ ተመቱ። ወይዘሮ ፓርክስ ሥራቸውን አጥተው በ1957 ወደ ዲትሮይት ከተማ ተሰደዱ። ወይዘሮ ሮቢንሰንም ኮሌጁን በ1960 ለቀው ሄዱ።

ሰ. ወደ ሌሎች መተላለፉ

ከሞንትጎመሪ የተገኘው ትምህርት በየአቅጣጫው ተዳረሰ። በ1957 የደቡብ የክርስቲያን መሪዎች ጉባኤ ተቋቋመ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተፈቀደ የምግብ ጠረጴዛ ተቀምጠው አንነሣም አሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ይህ በብዙ የደቡብ ከተሞች ተደረገ። በኦገስት 28 ቀን 1963 ወደ 250,000 የሚሆን ሕዝብ በዋሽንግተን ተሰለፈ። የ1964 የሲቪል መብት ሕግ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ መለየትን ከለከለ፤ የ1965 የምርጫ መብት ሕግም በደቡብ የነበረውን የምርጫ ክልከላ አነሣ።

ሌሎች ወገኖችም ዘዴውን ለየጉዳያቸው አዋሉት። በካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞች በ1965 አድማ አንሥተው በሲዛር ቻቬዝ መሪነት ሕዝቡ ወይን እንዳይገዛ በማድረግ በ1970 ከባለ እርሻዎቹ ጋር ውል ተዋዋሉ። የ1964ቱ ሕግ በጾታ ምክንያት በሥራ ማዳላትንም ስለ ከለከለ የሴቶች ማኅበሮች በርሱ ላይ ቆመው ተከራከሩ። አካለ ስንኩላን ወገኖች በ1973 ያገኙት የመብት አንቀጽ ቃሉ የተወሰደው ከዚያው ሕግ ነው። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ጥቁሮችንና እስያውያንን በአውቶቡስ ላይ አልቀጥርም ባለ ኩባንያ ላይ በ1963 የተደረገው አድማ ሞንትጎመሪን አርአያ አድርጎ የተነሣ ሲሆን ኩባንያው ከጥቂት ወራት በኋላ ክልከላውን አነሣ።

ሸ. ይህ ነገር ኢትዮጵያውያንን የሚመለከትበት መንገድ

በጥቁር አሜሪካውያንና በኢትዮጵያ መካከል ያለው ግንኙነት ከዚህ አድማ በፊት የጀመረ ነው። ኢጣልያ በ1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በኒው ዮርክና በሌሎችም ከተሞች ጥቁሮች ተሰልፈው ተቃውመዋል፤ ገንዘብም አዋጥተዋል። በ1937 ዶክተር መላኩ በያን በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት ይህን ድጋፍ ለማሰባሰብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ውለታው በሌላ መንገድ ተመለሰ። አሜሪካ በ1924 ባወጣችው ሕግ ለየአገሩ የስደተኛ ቁጥር ስትወስን ለሰሜን አውሮጳ አገሮች በብዙ ሺህ ስትፈቅድ ለኢትዮጵያ የመደበችው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። በዜጎች መካከል በቀለምና በዘር ማዳላት በሕግ ከተነቀፈ በኋላ በስደተኞች መካከል በትውልድ አገር ማዳላትን ማጽናት አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ ኦክቶበር 3 ቀን 1965 በወጣው ሕግ ይህ የቁጥር ድልድል ተሻረ። በ1980 የስደተኞች ሕግ፥ በ1990ም የዲቪ ዕጣን የፈጠረው ሕግ ተከታትለው ወጡ። ዛሬ በዋሽንግተን፥ በሎስ አንጀለስና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን የገቡበት በር የተከፈተው እንዲህ ባለው መንገድ ነው። በዋሽንግተን የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የበዙበት የዩ ጎዳና ሰፈርም በቀለም በመለየት ዘመን የጥቁሩ ሕዝብ የንግድና የኪነ ጥበብ ማእከል የነበረ ነው። በዚያ የሚኖር ወገናችን የጎረቤቱን ታሪክ የማያውቅ ቢሆን፥ የሚኖርበት መብት ከየት እንደ መጣ አያውቅም ማለት ነው።

ቀ. መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው ሁሉ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፥ ማኅበራዊ እንቅስቃሴ ከአንድ ሰው ንዴት ወይም ከአንድ ሰው ንግግር ብቻ አይወለድም። በሰላሙ ጊዜ ቀብር ለመቅበር፥ ሕመምተኛ ለመርዳት፥ መዝሙር ለመዘመር የቆሙ ማኅበሮች በችግር ጊዜ ሌላ ሸክም ሊሸከሙ ይችላሉ፤ እነርሱ በሌሉበት ግን የተሻለው ንግግር እንኳ በማግስቱ ይረሳል። ሁለተኛ፥ የተገኘው መብት ጠባቂ ካጣ ይመነምናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በሰጠው ፍርድ የ1965ቱ የምርጫ ሕግ ዋና የመቈጣጠሪያ ክፍል ሥራ ላይ መዋሉ ቀርቷል፤ ስለ ምርጫ መብት የሚደረገውም ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

በመጨረሻም ለዚህ ዓይነት ጥናት የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምራለን። በማባዣ መኪና ሲያባዙ ያደሩት የወይዘሮ ሮቢንሰን ሥራ በሰፊው የታወቀው ራሳቸው የጻፉት መጽሐፍ በ1987 ከታተመ በኋላ ነው። በአድማው ጊዜ ስማቸውን የሸሸጉት ለኮሌጁና ለእንጀራቸው ፈርተው ነበር። ኬክ እየሸጡ ካዋጡት ሴቶች የብዙዎቹ ስም እስከ ዛሬ አልተመዘገበም፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ አሁን በሕይወት የሉም። የአንድ ሕዝብ ታሪክ የሚጠፋው ጽሑፉ ሲቃጠል ብቻ ሳይሆን ጠያቂ ሳይመጣ ሰው ሲሞትም ነው። ስለዚህ በየሰፈራችንና በየስደቱ አገር ያሉት ዕድሮች፥ ማኅበሮችና የሴቶች ዕቁቦች መዝገባቸውን የሚያነብ፥ ሽማግሌዎቻቸውን የሚጠይቅና ስማቸውን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ይህም ሥራ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ሊደረግ ይገባል።